«የኤምአይቲ ምሩቅ» ሲባል የትኛው ኤምአይቲ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቀድሞው የህንድ ፕሬዚዳንት ስለ አብዱል ካላም የተጻፈ አጭር የሕይወት ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለሁ «የኤምአይቲ ምሩቅ» የሚል አገላለጽ አጋጠመኝ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ተቋም ብዬ ልፍታው ወይስ ምኅጻረ ቃሉን እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ እንዳለ አይተዉት፣ በማሳቹሴትሱም አይፍቱት። አብዱል ካላም ኤሮኖቲካል ምሕንድስና የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1949 በተቋቋመው የማድራስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ነው፤ ከተማዋም ዛሬ ቼናይ ትባላለች። እዚያው ህንድ ውስጥ ማኒፓል ያለው የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በእኛም አገር የመቐለው ኢንስቲትዩት በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ይጠራሉ። «ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ» የወል መጠሪያ በመሆኑ ስሟ በ«ኤም» የሚጀምር ከተማ ሁሉ ይህን ምኅጻረ ቃል ብትይዝ የሚከለክላት የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1861 የተመሠረተው የማሳቹሴትሱ ተቋም ዝናው ስለገነነ፣ ተርጓሚው ዝም ካለ አንባቢው ሳይጠራጠር ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ስሕተት የአንባቢው ሳይሆን የተርጓሚው ነው እላለሁ። የሶፍትዌር ባለሙያዎች «ኤምአይቲ ላይሰንስ» የሚሉት ፈቃድ ግን ስሙን ያገኘው በእርግጥም ከማሳቹሴትሱ ነው።

ተጨማሪ፦ በተመሳሳይ ፊደላት የሚጠሩት ነገሮች ሙያቸው ከተራራቀ ዐውዱ ራሱ ይለያቸዋል። ኤቲኤም ለባንክ ደንበኛ ገንዘብ የሚያወጣበት ማሽን ሲሆን፣ ለኔትወርክ ባለሙያ ደግሞ መረጃን ባለ 53 ባይት ጥቅሎች እየከፋፈለ የሚያስተላልፍ ቴክኖሎጂ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አላየሁም። የሚያስቸግረው ሙያው አንድ ሲሆን ነው። ሲቢኢ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም የግብፅ ማዕከላዊ ባንክም ምኅጻረ ቃል ነው፤ አንደኛው ከሕዝብ ተቀማጭ የሚሰበስብ፣ ሌላኛው ባንኮችን የሚቆጣጠር ነው። ስለ አፍሪካ ባንኮች በሚጻፍ ዜና ውስጥ ሁለቱ ቢገናኙ ዐውዱ ብዙም አይረዳም። ዓለም አቀፍ የገንዘብ ዝውውር ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ደስ ይለኛል፤ በስዊፍት ኮድ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት የባንኩ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የአገሩ መለያ ናቸው። የንግድ ባንካችን ኮድ «ሲቢኢቲ» ብሎ «ኢቲ»ን ያስከትላል፤ ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ዘመድም የሚጽፈው ይህንኑ ሙሉ ኮድ እንጂ ሲቢኢን ብቻ አይደለም።

ሌላ አስተያየት፦ ችግሩ በላቲን ፊደላት ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። በአማርኛም «ም/» ከዳይሬክተር በፊት ሲመጣ ምክትል፣ ከቤት በፊት ሲመጣ ምክር ተብሎ ይነበባል። ይህን ተከታዩ ቃል ይፈታዋል፤ «ወ/ማርያም» ግን ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ስለሚችል፣ በውልና በፍርድ ቤት ሰነድ ላይ ሙሉ ስም እንዲጻፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው አንቀጽ «በማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ከሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመረቁ» ብዬ ጽፌ፣ ከዚያ በኋላ «የማድራሱ ኢንስቲትዩት» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ኤምአይቲ የሚለውን ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ።