የቀረጥ ክርክር እንዴት የነጻነት ጦርነት ሆነ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ ጋር ጦር የተማዘዙት በቀረጥ ብቻ ነውን?

መልስ፦ መምህር፣ ዋናው ነገር የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የማዘዝ ሥልጣኑ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1763 ያበቃው ጦርነት ዕዳ ስላሸከማት በ1765 በጋዜጣና በውል ወረቀት ላይ ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ ጣለች፤ ሰፋሪዎቹ ግን እንደራሴ ያልላኩበት ፓርላማ ሊያስገብረን አይችልም አሉ። ሕጉ በ1766 ቢሻርም፣ ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው በዚያው ዓመት ስላወጀ ጠቡ አልበረደም።

ሌላ መልስ፦ እኔ የበለጠ የምወቅሰው ቅጣቱን ነው። በ1773 ቦስተን ላይ ሰፋሪዎች የሻይ ቀረጥን ተቃውመው 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ሲጥሉ ለንደን ወደቡን ዘጋች፣ ቦስተን ያለችበትን የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛትም የራስ አስተዳደር ገፈፈች፤ ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶችም ነገ በእኛ ብለው በ1774 ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ።

መምህሩ፦ አመሰግናለሁ። በ1775 ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ከተከፈተ በኋላ እንኳ ለንጉሡ አቤት ማለታቸውን፣ ንጉሡም ዐመፀኞች ብሎ ማወጁን ጨምሬ አስተምራለሁ።