የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም፦ የትኬቱ ብር፣ የንብረት ክፍሉ ጥያቄና የክረምቱ ሻጋታ

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙን ልተወው) የሙዚየም አስተባባሪነት በማስተማር ሥራዬ ላይ ተደርቦ ተሰጥቶኛል። ሁለት ማሳያ ክፍልና አንድ ዕቃ ቤት አለን። ስብስቡ ድብልቅ ነው፦ የብራና መጻሕፍት፣ በወረቀት የተጻፉ የዐረብኛና የአጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ኪታቦች፣ የብር ጌጥ፣ ባናና በርኖስ፣ ሙዳይና ሌማት፣ ጋሻና ጎራዴ። ሠራተኛው አንድ አስጎብኚ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛና ሁለት ጥበቃ ነው። ትኬት የሚቆርጠው አስጎብኚው ሲሆን ብሩንም በሳምንት አንዴ ለፋይናንስ የሚያስገባው እሱ ነው።

የቸገረኝ ይህ ነው። አንደኛ፣ የትኬቱን ገቢ ለአምፖልና ለቁልፍ እንኳ ማውጣት አልቻልንም፤ ፋይናንስ “በጀት የለህም” ይለኛል። ሁለተኛ፣ ንብረት ክፍል ቅርሶቹን ዋጋ ተምነን በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጽ) እንድናስገባ በደብዳቤ ጠይቋል። ሦስተኛ፣ ሐምሌ ሲገባ ዕቃ ቤቱ ይሻግታል፤ የባናው ጠርዝም በብል መበላት ጀምሯል። ካንፎር በትኑበት የሚል ምክር መጥቷል። በመጨረሻም መግቢያው ላይ የእጅ ሥራ የምንሸጥበት ጠረጴዛ ብንከፍት ምን ይላችኋል?

ሒሳብ_ሹም፦

ከብሩ ልጀምር። የትኬት ገቢ የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ገቢ ነው እንጂ የሙዚየሙ ኪስ አይደለም። ከሣጥን አውጥቶ አምፖል መግዛት፣ ደረሰኝ ቢኖረውም፣ ገቢን ሳያስገቡ ማውጣት ስለሆነ ኦዲት ላይ ግኝት ይሆናል። የሚከፈተው መንገድ ሌላ ነው፦ በመጪው ዓመት የበጀት ጥያቄ ላይ “ከውስጥ ገቢ ይህን ያህል እንሰበስባለን፣ በዚህ በዚህ መደብ እንጠቀምበታለን” ብለህ ሁለቱንም ወገን አስይዝ። ወጪው ካልጸደቀ ገቢው በእጥፍ ቢመጣም አይከፈልህም። ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ግንቦት ላይ የሚጀመር ግዥ ብዙውን ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል። የመደርደሪያና የሃይግሮሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ግዥህ እስከ ኅዳር ድረስ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ጥያቄው ወጥቶ ቢገኝ ይሻላል።

ለአምፖልና ለቁልፍ ጥቃቅን ወጪ ጠይቅ። የተፈቀደው 5,000 ብር ቢሆን፣ በማንኛውም ሰዓት ሣጥኑ ሲከፈት የደረሰኝ ድምርና በእጅ ያለው ብር አንድ ላይ 5,000 መሆን አለበት። 3,640 ብር ደረሰኝ ካለ 1,360 ብር ጥሬ ገንዘብ። ይህ ሣጥን ከትኬቱ ሣጥን ጋር በአንድ መሳቢያ እንዳይቀመጥ፤ “ለጊዜው ከዚያኛው ልበደር” የሚባለው የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ስለ ትኬቱ። አንድ ሰው ቆርጦ፣ ተቀብሎ፣ አስገብቶ፣ ሪፖርት ጽፎ መሥራቱ ትልቁ ቀዳዳ ነው፤ ሰውዬው ታማኝ ቢሆንም ራሱን የሚያስመሰክርበት ወረቀት የለውም። ሠራተኛ ስላነሰ ቢያንስ ሦስት ነገር ለይ፦

ጥራዙን ለየዋጋው ለየብቻ አድርግ። በአንድ ጥራዝ ላይ የተማሪም የአዋቂም ዋጋ በእጅ የሚጻፍ ከሆነ የተራ ቁጥሩ ምንም አይነግርህም። ያልተሸጡት ጥራዞች በገንዘብ ያዥ ካዝና ይቀመጡ፤ አስጎብኚው አንድ አንድ ጥራዝ ፈርሞ ይውሰድ፣ ያለቀውን ቀሪ መልሶ ሌላ ይረከብ።

ማታ ሲዘጋ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁጥር ይጻፍ። ለምሳሌ የተማሪው ከ0401 እስከ 0441 ከሆነ 41 ትኬት፣ በ10 ብር 410። የአዋቂው ከ1120 እስከ 1141 ከሆነ 22 ትኬት፣ በ30 ብር 660። ድምሩ 1,070 ነው። ከዚህ 300ው በቴሌብር ከገባ በሣጥን መገኘት ያለበት 770 ብር ብቻ ነው። ሲቆጠር ጥበቃው አብሮ ቆሞ ይፈርም። የተበላሸ ትኬት ሲኖር በራሪው ከቀሪው ጋር ተሰፍቶ “ተሰርዟል” ይባልበት እንጂ ተቀዶ አይጣል።

የቴሌብሩ ወይም የሲቢኢ ብሩ ኮድ የዩኒቨርሲቲው ይሁን። በአስጎብኚው የግል ስልክ መቀበል “ለጊዜው ነው” ተብሎ ይጀመርና ዓመት ሙሉ ይሄዳል፣ ከዚያ ማስታረቅ አይቻልም። ብሩን በየቀኑ ማስገባት ከከበደህ ጣሪያ አስቀምጥ፤ ከተወሰነ ብር ካለፈ በዚያው ዕለት ይግባ፣ ካላለፈም ዓርብ አይለፍ።

በነፃ የሚገቡትን አትርሳ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣ የትምህርት ቤት ቡድን፣ የፕሬዚዳንት እንግዳ፣ የቀበሌ ልዑክ... ለእነሱም “ዋጋ 0” የሚል ባለ ቁጥር ትኬት ይቆረጥ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ በጠቅታ መቁጠሪያ ይቁጠር፤ የእሱ ቁጥርና የትኬቱ ድምር ሲራራቁ ያኔ ትጠይቃለህ።

ቦርከና፦

ወንድሜ፣ ሞዴል 19ኙን አትቀበል! አትቀበል ስልህ ግን በጽሑፍ መልስ ስጥ እንጂ ዝም አትበል። ቅርስ በሞዴል 19 ገብቶ ዋጋ ከተተመነለት በኋላ ልክ እንደ ወንበርና ኮምፒውተር በቋሚ ንብረት ካርድ ላይ ይሰፍራል፤ እርጅና ይሰላለታል፤ ከተወሰነ ዓመት በኋላ የመዝገብ ዋጋው ሲያልቅ “የሚወገድ ንብረት” ዝርዝር ላይ ይወጣል። የማስወገጃ ኮሚቴው ዝርዝሩን እንጂ ዕቃውን አያየውም። አሮጌ ጋሻና የተሰነጠቀ ገበታ ጨረታ ላይ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በመልስህ ላይ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጥቀስ፤ ቅርስ የሚመዘገበው በራሱ ሥርዓት ነው። ለንብረት ክፍል የሚገባው ማሳያ ሣጥኑ፣ መደርደሪያው፣ መብራቱና ካሜራው ነው፤ እሱ በሞዴል 19 ይግባ፣ በሞዴል 20 ይጠየቅ፣ በሞዴል 22 ይውጣ። ቅርሱ በቅርስ መዝገብ። ንብረት ክፍሉ ደግሞ የመዝገቡን ቅጂ ያለ ዋጋ ይያዝ፤ በዓመት አንዴ ቆጠራ ላይ ተወካዩ ይገኝ። እንዲህ ስትል ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ የሚፈሩት “የማናውቀው ንብረት አለ” መባልን ነው።

መዝገቡ በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ፣ ገጹ የተቆጠረ ደብተር ይሁን። ኤክሴሉ ለፍለጋ ነው፣ ማስረጃው ደብተሩ ነው። ቁጥሩን ቀላል አድርገው፦ 2017.4.2 ማለት በ2017 የመጣ አራተኛው ርክክብ፣ ሁለተኛው ዕቃ። ሁለት ክፍል ያለው ዕቃ (ሙዳይና ክዳኑ) 2017.4.2ሀ እና ለ ይባላል፤ ካልሆነ ክዳኑ አንድ ቀን ባለቤት አልባ ይሆናል። ቁጥሩን ብራናና ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ባናና በርኖስ ላይ በተሰፋ የጥጥ ጥብጣብ፣ ብረትና እንጨት ላይ ደግሞ ስስ ፓራሎይድ ቢ-72 (ለቅርስ ሥራ የሚውል ብርሃን አሳላፊ ቅብ) ቀብተህ ሲደርቅ በቀለም ጽፈህ ከላይ እንደገና በመቀባት። ማርከርና ፕላስተር ግን በፍጹም። የፕላስተሩ ሙጫ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆዳው ውስጥ ይሰርግና ቡናማ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ወሎ ላይ የሚጎዳን የስጦታ ወረቀት ነው። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ጊዜያዊ መረከቢያ በሦስት ቅጂ ስጠው፤ ስጦታ ነው፣ ውሰት ነው፣ ለጥናት ነው የሚለው በግልጽ ይሞላ፣ ውሰትና ጥናት ከሆነ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የመጣ ከሆነ የአንድ ቄስ ወይም የአንድ ሼህ ፊርማ አይበቃም፤ የሰበካ ጉባኤው ወይም የመስጊድ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይያያዝ። የጋራ ንብረትን አንድ ሰው ሊሰጥ አይችልም፤ ይህን ያልጠየቀ ሙዚየም ከዓመታት በኋላ መንደሩ በሙሉ በር ላይ ይቆምበታል። ለነገሩ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የራሱ ዕቃ ቤት አለው፤ ኪታቦቹም ቢሆኑ እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ እዚያው ባሉበት የሚነበቡ ናቸው። ቅጂ ፎቶ አንስቶ ዕቃውን እዚያው መተው ለበጀትህም ለመደርደሪያህም ይቀልልሃል።

ጦሳ_ሥር፦

አመሰግናለሁ ሁለታችሁም። መልሱን በደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ነገር ቦርከና፦ እኛም ጋ የተሰነጠቀ ገበታ አለ፤ እንዲጠገን አንድ አናጢ ጠይቄ ነበር...

ቦርከና፦

ተው። ጥገና ሲታሰብ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዚሁ አዋጅ ላይ አለ። ስንጥቁን ፎቶ አንሣ፣ ርዝመቱን ለክ፣ ገበታውን አግድም አስቀምጥ፣ በቃ።

ብራና_ጠባቂ፦

ወደ ሻጋታው። ካንፎሩን እርሳው፤ ብሉን በጥቂቱ ቢያባርርም ሽታውና ትነቱ የሚቀረው ጨርቁ ላይና ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ነው። በፍሊትም አይረጭ፤ ፈሳሹ የተቀለመ ክርን ሊያለቅቅ ይችላል።

መጀመሪያ መለኪያህን መርምር። ርካሽ ሃይግሮሜትር ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። በጠርሙስ ክዳን ላይ አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው አድርገህ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምርበት (ጨው መሟሟት የለበትም)፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ዝጋና አንድ ሌሊት አቆይ። 75 በመቶ ማለት አለበት። 69 ካለ፣ ከእንግዲህ በምታነበው ላይ 6 ትደምራለህ፤ ልዩነቱን በፕላስተር መለኪያው ጀርባ ላይ ጻፈው። (መለኪያው ላይ ፕላስተር ይፈቀዳል።)

ሻጋታ የሚነሣው እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ሲቆይ ነው። ደሴ አካባቢ በሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲወርድ “ይናፈስ” ተብሎ የሚከፈተው መስኮት ነው ዋናው ጥፋት፤ የውጪውን እርጥበት ታስገባለህ። ውጪው ከውስጡ ደረቅ ሲሆን ብቻ፣ ሁለቱን ለክተህ ክፈት። ለብራና ከ45 እስከ 55 ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ከ70 ወደ 40 ማውረድ ሻጋታው ከሚያደርሰው የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ብራናው ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይረግፋል።

እርጥበት መጣጭ ማሽን ለመግዛት ስትጠይቅ ዝርዝሩ ላይ ተጠንቀቅ። በኮምፕረሰር የሚሠራው ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ በረዶ እየሠራ ይቆማል። ለደጋው ከተማ ያለ ኮምፕረሰር፣ እርጥበት በሚመጥ ቅንጣት የሚሠራውን ጠይቅ፤ ለኮምቦልቻ ከሆነ የትኛውም ይሠራል። ጨረታ ላይ “እርጥበት መጣጭ፣ 1” ብቻ ከተጻፈ ርካሹ ይመጣል፣ ርካሹ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማልና ለእያንዳንዱ ማሳያ ሣጥን ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ቅንጣት) አስቀምጥ፤ ልማዱ ለአንድ ሜትር ኩብ አየር 20 ኪሎ ያህል ነው፣ ለትንሽ ሣጥን ስትቀንሰው ብዙ አይሆንም።

ባናውን አሁኑኑ ከሌላው ለይ። በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው፣ አየሩን አስወጣ፣ በፕላስተር ዝጋ፣ ሣጥን ፍሪዘር ውስጥ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሳምንት ይቆይ። ፍሪዘሩ ውስጥ ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አኑር፤ መብራት ጠፍቶ ከሞቀ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ሲወጣ ላስቲኩን ሳትፈታ 24 ሰዓት አቆየው፤ ካለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ብራና፣ የብር ጌጥ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ከዚያ በኋላ ባናውን በስፋት አጥፈህ፣ በየእጥፉ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ሸጉጥበት፣ ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ፣ ከውጪ ግድግዳ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። በግድግዳው ሥር በየሁለት ሜትሩ ሙጫ ወጥመድ አኑርና በየሰኞው የተያዘውን ቁጠር፤ የት እንደበዛ ያሳይሃል።

የጽዳቷን እታለም አደራ በላት፦ በማሳያ ክፍል እርጥብ መወልወያ አይግባ፣ ዕቃውንም አትጥረግ። ወለሉን በደረቁ ትጥረግ፣ የሣጥኑን መስታወት ከውጪ ብቻ። የመስታወት ማጽጃው በመወልወያው ጨርቅ ላይ ይረጭ እንጂ በመስታወቱ ላይ አይረጭ፤ በስንጥቁ ይገባል።

ሰኞ_ገበያ፦

ስለ መሸጫው ጠረጴዛ ባጭሩ። ሙዚየሙ ራሱ ሻጭ ከሆነ የስፌት ሠሪዋ ሌማት የተሸጠበት ብር በገቢ ደረሰኝ ገብቶ ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይቀመጣል፤ ለስፌት ሠሪዋ ለመክፈል ደግሞ ግዥ ይሆናል፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይጠየቃል። ሴትየዋ ሦስት ወር ትጠብቃለች፣ ከዚያ አትመጣም። ቦታውን ለተደራጁ የእጅ ሥራ ማኅበር በውል አከራዩ፤ በራሳቸው ደረሰኝ ይሽጡ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወርኃዊ ኪራይ ይክፈሉ። ውሉ ላይ “የጥንት ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው” የሚል አንቀጽ ይኑር፤ ሙዚየም በር ላይ አሮጌ መስቀል ወይም ኪታብ ሲሸጥ የታየ ዕለት ነገሩ ሌላ ነው።

ሒሳብ_ሹም፦

ብራና_ጠባቂ የዘለለው አንድ ነገር አለ፦ አሸንዳው። ከዕቃ ቤቱ ሻጋታ ግማሹ ከጣሪያ ነው የሚመጣው። የአሸንዳ ጠረጋና የቆርቆሮ ሚስማር ማጥበቂያ በሕንፃ ጥገና መደብ ላይ በየዓመቱ አስይዝ፣ ሥራው ከግንቦት መጨረሻ በፊት ይለቅ። ሰኔ ላይ ጥያቄ ብታቀርብ ዝናቡም በጀቱም ጥለውህ ይሄዳሉ።

ጦሳ_ሥር፦

ነገ ጣሪያው ላይ ሰው አወጣለሁ። ሃይግሮሜትሩ አሁን ጨው ውስጥ ነው፤ የሚለውን ጠዋት እጽፋለሁ።