የፍግ ጉድጓድ በፓምፕ ላወጣ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

ሰላም ናችሁ? ከላሞቹ በረት ስር ያለው የፍግ ጉድጓድ ሞልቷል። ነገ በፓምፕ ወደ ማሳው ልገፋው ነው። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። መጀመሪያ ላማስለው?

መልስ 1፦ ማማሰሉ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ቱቦው ይደፈናል። ግን ሲማሰል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ገዳይ ጋዝ ነው። ላሞቹን አስወጣ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ማማሰያውን አስነስተህ ቢያንስ 30 ደቂቃ ራቅ በል።

ጠያቂው፦ ከሸተተኝ እወጣለሁ እኮ።

መልስ 2፦ እሱ ነው የሚሸውደው! ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ጭራሽ አይሸትህም። እኔ ባልዲ ወድቆብኝ ልወርድ ስል ወንድሜ ቀበቶዬን ይዞ አስቀረኝ። ሰው ቢወድቅ እንኳ ተከትለህ አትግባ፤ እርዳታ ጥራ።

መልስ 3፦ ቱቦው ከተደፈነ ፓምፑን አጥፋ፣ ግፊቱን አስተንፍስ፣ ከዚያ ማያያዣውን ፍታ። እኔ ቸኩዬ ፈትቼ ፊቴ ላይ... ተዉት።