የሠዓሊ ቤት ይጠበቅ ወይስ ሥዕሉ ይበቃል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከደሴ የመጣ ነው። ስመ ጥር ሠዓሊ ሲያርፍ የኖረበትና የሠራበት ቤት በሕዝብ ገንዘብ ይጠበቅ? ወይስ ሥዕሎቹ ሙዚየም ገብተው ቤቱ ለወራሾች ይተው?

ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ ይተው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 በጦርነቱ ተዘርፎብናል። ያለንን ሳንጠብቅ ሌላ ቤት መጨመር ዕዳ ነው። ሥዕል ደግሞ በጥሩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የትም ይታያል።

ከደሴ አራዳ፦ ወንድሜ፣ በዘረፋው ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። «የትም ይታያል» ያልከውን ግን አልቀበልም። በልጅነቴ ሥዕል ያስተማሩኝ ሰው ከጦሳ ተራራ ሥር ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። መስኮታቸው ወደ ተራራው ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ አይገባም፤ የሚሠሩትም ያን ጊዜ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ብሩሻቸውን በበሩ መቃን ላይ ጠርገው እስኪገፈፍ ይጠብቃሉ። መቃኑ ላይ የደረቀው ቀለም እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍሮ ነበር፤ ከሥር ቡናማ፣ ከላይ ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ። ሥዕላቸውን ያየ ሁሉ «ሰማዩ ለምን ጠቆረ?» ይላል። እዚያ መስኮት ሥር የቆመ ሰው አይጠይቅም። ቤቱ ፈርሷል።

አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ማሳያም አደረጉት። ያ ቤት ከሥራዎቻቸው አንዱ ነው። የሠዓሊው የክሎድ ሞኔም የውሃ አበባ ሥዕሎች የተወለዱት ዢቨርኒ በተባለች የፈረንሳይ መንደር፣ በግቢው ካስቆፈረው ኩሬ ነው። ጎረቤቶቹ ባዕዱ ተክል ውሃችንን ይበክልብናል ብለው ተቃውመውት ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ የዢቨርኒን ታሪክ ስትነግረን መጨረሻውን ዘለልኸው። ሞኔ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ካረፈ በኋላ ቤቱ ውሎ አድሮ ተረሳ። ወለሉ በሰበሰ፤ በትልቁ ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ዛፎች በቀሉ። የዳነው ልጁ ሚሼል በ1966 ሲሞት ለፈረንሳይ የሥነ ጥበባት አካዳሚ በኑዛዜ ስለተወው፣ በኋላም የሚያድሰው ሰውና ገንዘብ ስለተገኘ ነው። በ1980 ለሕዝብ ተከፈተ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ልጆች ከዚያው ቤት ኪራይ ይበላሉ። እነሱን «አትንኩ» ማለት ግፍ ነው። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ ይጠየቅ፤ ለወራሽ ተገቢው ካሳ ይከፈል፤ የጣሪያ ማደሻ በየዓመቱ በበጀት ይያዝ። ይህ ከሌለ እኔም ከሰኞ ገበያው ወንድሜ ጋር ነኝ።

ከሰኞ ገበያ፦ ካሳውና ጥበቃው ከቀደመ እስማማለሁ። ለመሆኑ ያ መቃን የት ደረሰ?

ከአራዳ፦ ለማገዶ ሊወስዱት ሲሉ ገዝቼው እኔ ዘንድ አለ። በአንድ በኩል ቀለሙ መፈርፈር ጀምሯል። እንዲህ ያለውን የሚያክም ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።