ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ማሸት ይሠራል ወይስ ይመስለናል?

ጠያቂ፦ የጨቅላ ክፍል ነርስ፣ ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጓደኛዬ እኛ ክፍል የተኙትን ጨቅላዎች በእጇ ልታክም አስባለች። ጣሊያን ውስጥ 695 ሕፃናት ላይ የተሠራ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦስቲዮፓቲ (ሰውነትን በእጅ በቀስታ እየነኩ የማከም ዘዴ) ጥናት አንብባ ነው የተነሳችው። የታከሙት ከሆስፒታል ቀድመው ወጡ ይላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ፕላሴቦው ነው፤ ማለትም ሕክምናው ራሱ ሳይሆን «ታክሟል» የሚለው እምነት የሚያመጣው ለውጥ። ሕፃኑ «ታክሜያለሁ፣ ይሻለኛል» አይልም። እናቱ ግን ትላለች፤ እኔም እላለሁ። መታሸቱን ካወቅኩ ቀልቤ እሱ ጋ ይሆናል፣ ወተቱ ቶሎ እንዲጨመርለት ለሐኪሙ እነግራለሁ። ሚዛን ላይ ሲወራጭ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትኛውን እንደምጽፍ የምወስነው እኔ ነኝ። 1,400 ግራም ለሆነ ልጅ 20 ግራም የአንድ ቀን እድገት ነው። እንዴት ብለን እንፈትነው?

መላሽ 1፦ ፊዚዮቴራፒስት

ሲስተር፣ በዕጣ ክፈሏቸው። አንዱ ይታሻል፤ ሌላው ላይ እጇን ሳታንቀሳቅስ ለዚያው ያህል ደቂቃ ታሳርፋለች። መጋረጃ ይዘጋ። የሚመዝነውም «ይውጣ» የሚለው ሐኪምም የማን ልጅ የቱን እንዳገኘ አይወቁ። እሷ ማወቋ አይቀርም፣ ስለዚህ ለእናቶቹ ምንም አታውራ። መጨረሻ ላይ ነርሶቹን «የታሸው የቱ ይመስላችኋል?» በሏቸው። አብዛኞቹ ካወቁት መጋረጃው አልሠራም።

መላሽ 2፦ እናት፣ አዘዞ

ልጄን በ32 ሳምንቱ ነው የወለድኩት። ደረቴ ላይ ሳደርገው ትንፋሹ ሲረጋጋ ማሽኑ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ዝም ብሎ ያረፈ እጅ እንዴት ምንም አይሠራም ይባላል? ዕጣው ካልደረሰን ካንጋሮውንስ፣ ልጅን እንዲህ ደረት ላይ ማቀፉን፣ ልትከለክሉን ነው?

ጠያቂ

ኧረ በፍጹም እህቴ! ካንጋሮ ለሁሉም ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያዋ ቦጎታ የመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ያስጠናው ጥናትም በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከተወለዱ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ ቀንሷል። ስለ እጁ ያልሽው ግን ልክ ነው። ሦስተኛ ቡድን ያስፈልገናል፦ ባለሙያዋ መጋረጃው ውስጥ ገብታ፣ ሳትነካው ያንኑ ያህል ቆይታ ትወጣለች።

መላሽ 1

በጣም ጥሩ። የጎንደር ክረምት ብርድ ነውና ልብስ ሳታወልቁ ሥሩ፤ የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ከሆነ ያን ቀን ይቅር። ክብደቱንም ሁለት ሰው ለየብቻው ይጻፍ።