የረጋ ዘይት በድጎማ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ሰልፈኛው፦
ጥያቄዬ አጭር ነው። መንግሥት ደጉሞት በሸማቾች ማኅበር በኩል በቅናሽ የሚታደለው የሚረጋው የፓልም ዘይት ይቀጥል ወይስ ይቅር? ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌ ነበር። ልደርስ ሦስት ሰው ሲቀረኝ "አልቋል" ተባለ። ከኋላዬ የነበሩት እናት ምናልባት ሌላ መኪና ቢመጣ ብለው ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ "ይቅር" ከሚሉት ነኝ። ዶላር አውጥቶ ልብ የሚጎዳ ነገር ማስገባት፣ ከዚያ ከገበያ በታች ዋጋ ተምኖ ሰልፍ መፍጠር! ሰልፍ ላይ የቀለጠው ግማሽ ቀንም እኮ ገንዘብ ነው።

የአራት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ አንተ "ይቅር" ስትል የእኔ ሽሮ በምን ይቁላላ? የኑግ ዘይት ከቀመስኩ ቆየሁ። የሸማቾቹ ሲጠፋ ከሱቅ በሃይላንድ ትንሽ ትንሽ እያስቀዳሁ ነው የምውለው። ክረምት ላይ ይረጋል፣ በማንኪያ እየጫርኩ ድስት ውስጥ እጨምራለሁ። ልጆቼ ጠግበው ካደሩ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።

ነርሷ፦
እህቴ፣ አልፈርድብሽም። ልጆችሽ ቅባት ያስፈልጋቸዋል፣ ቫይታሚን ኤ ራሱ ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ግን ያ በማንኪያ የምትጭሪው ነገር ለምን እንደሚረጋ ልንገርሽ። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት ነው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ፣ ሲበዛ ልብ የሚጎዳ ስብ ማለት ነው። የኑግና የሱፍ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከዚህ ስብ የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። የጉዳቱ ዋጋ ጀሪካኑ ላይ አይጻፍም። ከ20 ዓመት በኋላ መድኃኒት ቤት ነው የሚከፈለው፣ ያኔ ደግሞ ድጎማ የለም።

ባለ ሱቁ፦
እኔ ከባንኮኒው ጀርባ የማየውን ልናገር። ሰው ሲገባ "የቱ ነው ርካሹ?" ነው የሚለው። ፓልሙ ከጠፋ ሰው ዘይት መብላት አይተውም፣ ወደ ሱፉ ይዞራል። ሱፉም በዚያው ሰሞን ይወደዳል። ያኔ የሚጎዳው ድሮም ሱፍ ይገዛ የነበረውም ጭምር ነው። ደግሞ የድጎማው ዘይት ሁሉ ለደሃ ይደርሳል ያለው ማነው? ሳንቡሳ የሚጠበስበትን መጥበሻ ሄዳችሁ እዩ።

ኢኮኖሚ ያጠና፦
ባለ ሱቁ ልክ ነው። ዘይት የግድ ስለሆነ ዋጋ ሲጨምር ፍጆታው ብዙም አይወርድም፣ ሰው ከዓይነት ወደ ዓይነት ነው የሚሸጋገረው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር) አዋጅ ሳቹሬትድ ፋት በበዛበት ዘይት ላይ ቀረጥ ጣለ። በአንድ እጅ መቅጣት፣ በሌላው እጅ መደጎም! ግን በግብር ብቻ እንፍታው ለምትሉም ዴንማርክ አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲህ ባለው ስብ ላይ ግብር ጣለች። ሰዉ ድንበር ተሻግሮ ጀርመን መሸመት ጀመረ፣ ግብሩ 2013 ሲገባ ተሻረ። የእኛን ድንበርና የኮንትሮባንድ ነገር አስቡት።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ረሳችሁ። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በመርከብ ይሄዳል፣ በምትኩ የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ፓልም ይመጣል። "ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ" ሲባል ያደግን ሰዎች ዛሬ ሁለቱንም አጣን። እዚሁ ቢጨመቅ ፋጉሎውም ለከብቱ ይተርፋል።

ኢኮኖሚ ያጠና፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ሰሊጡ በተሸጠበት ዶላር ከራሱ ከሰሊጡ ከሚጨመቀው የበለጠ ሊትር ፓልም ይገዛል። ከአንድ ሄክታር ፓልም የሚገኘውን ዘይት የትኛውም የቅባት እህል አይደርስበትም። ሒሳቡ ያዋጣል። የማያዋጣው ነርሷ ያለችውን የ20 ዓመት ሒሳብ ስንጨምርበት ነው።

ጡረተኛው፦
ታዲያ ልጄ፣ ካልተጨመረማ ምኑን ሒሳብ ሆነ?

ነርሷ፦
ድጎማውን ሳይነኩ ዘይቱን የቀየሩ አሉ እኮ። ሞሪሺየስ እንደ እኛው መንግሥት የሚያድለው ዘይት ነበራት፣ አብዛኛው ፓልም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአኩሪ አተር ዘይት ተካችው። በ5 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ አማካይ ኮሌስትሮል (ደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ደም ሥር የሚያጠብ ቅባት) ከ5.5 ወደ 4.7 ሚሊሞል በሊትር ወረደ። ሲጋራ ላይና ስፖርት ላይ ዘመቻም ስለነበር ሁሉም የዘይቱ ሥራ ነው አልልም። ግን የማንም ድስት አልጎደለም፣ ዘይት ቀይር ብሎ ማንንም የሰበከ የለም። የተቀየረው ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሰልፈኛው፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። "ይቅር" ያልኩትን "ይቀየር" በሉልኝ። ሰልፌን ግን አላነሳችሁልኝም።

ባለ ሱቁ፦
ልዩነቱን ማን ይከፍላል? አኩሪ አተሩ ብዙ ጊዜ ከፓልም ይወደዳል። መንግሥት ካልቻለው ያው መጠኑ ያንሳል፣ ሰልፉ ይረዝማል።

ነርሷ፦
ለልብና ለስትሮክ ሕክምና የሚወጣ በጀት አለ አይደል? ከዚያ ይጀመር።

ባለ ሱቁ፦
እሱ ከ20 ዓመት በኋላ የሚተርፍ ገንዘብ ነው እህቴ። አስመጪው የሚጠይቀው የዛሬ ዶላር ነው።

የአራት ልጆች እናት፦
አኩሪ አተርም ይሁን ሱፍ፣ በዚሁ ዋጋ ከመጣ እኔ ተቃውሞ የለኝም፣ እንደውም ደስ ይለኛል። አሁን ግን ሰልፈኛው፣ እስቲ ንገረኝ፣ ነገ ሌላ መኪና ይገባል ተብሏል? በስንት ሰዓት ልውጣ?