በረዶ ሴራሚክ ላይ መቆም አቃተው፤ ጥንቸል ያሳደጋችሁ እርዱኝ

የዳማ እናት፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ። ወንዱ ነጭ ስለሆነ ስሙ በረዶ ነው። ሴቷ ዳማ ትባላለች። ስሟን ያወጡላት አባቴ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቤታቸው ዳማ በቅሎ ነበረች። ጥንቸሏን ገና ሲያዩዋት «ይቺማ የበቅሏችን ቀለም ናት» አሉ፣ ስሙም እዚያው ጸደቀ። ሁለቱም 3 ዓመት አልፏቸዋል።

እስከ ባለፈው ወር ገንደ ቆሬ ነበርን። ቤቱ የድሮ ነው፤ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ። ሌሊት ሌሊት ከሳሎን እስከ ጓዳ ሲሯሯጡ ኮቴያቸው ይሰማኝ ነበር። አሁን ሳቢያን ገብተናል። የዚህኛው ቤት ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ሴራሚክ ነው፤ ያውም የሚያብረቀርቀው፣ ፊት የሚያሳየው ዓይነት።

የገባን ዕለት በረዶን ከካርቶኑ አውጥቼ ሳሎን መሃል አስቀመጥኩት። አንዴ ዘለለ። ሁለተኛውን ሊዘል ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፈቱበትና በሆዱ ተዘረጋ። ለመነሳት ሲታገል ይባስ ተንሸራተተ። ሮጬ አነሳሁት። ልቡ እጄ ላይ እንዴት ይመታ እንደነበር እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው በር ሥር ያለችው የእግር መጥረጊያ ላይ ሆነ። ውሃና ድርቆሹን እዚያው ካልወሰድኩለት አይነካም። ዳማ ትንሽ ትሻላለች። ግድግዳውን ተጠግታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ እርምጃዋን እየለካች ትሄዳለች። ሩጫ ግን ቀረ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የናይለን ምንጣፍ አነጠፍኩ። ዳማ በ2 ቀን ውስጥ ጥጉን ነክሳ ክሩን መተርተር ጀመረች። ደግሞ ሙቀቱ አለ። ሰኔ ነው፣ ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ላይ ዳማ ምንጣፉን፣ በረዶም መጥረጊያውን ትተው አጠገቡ ያለው ሴራሚክ ላይ ሆዳቸውን ለጥፈው ይተኛሉ። ቅዝቃዜውን ይፈልጉታል። ወለሉን በሙሉ ልሸፍነው ብል በሙቀት አስጨንቃቸዋለሁ። ክፍቱን ልተወው ብል ይወድቃሉ። ያቃተኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። አንዷ ጎረቤቴ «ጥፍራቸውን አትቁረጪ፣ ሲረዝም መሬት ይይዝላቸዋል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «የእግራቸውን ሥር ፀጉር ላጪው፣ የሚያንሸራትታቸው እሱ ነው» ትላለች። የትኛዋን ልስማ? እባካችሁ የምታውቁ።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

አቦ አይዞሽ። እኔ ብሆን የሽቦ ቤት አሠርቼ እዚያ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ሽቦ አያንሸራትትም፣ ሽንቱም ወደ ታች ይወርዳል፣ ቤትሽም ንጹሕ ይሆናል። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያሳድጉት።

የጀጎሏ፣ ሐረር

እህቴ ሰላም ነሽ? ወንድሜ ከዚራ፣ አትቀየመኝና ሽቦውን እኔ አልመክርም። አንድ ጊዜ ከሰው የተቀበልኳት ጥንቸል ሽቦ ላይ ያደገች ነበረች። ተረከዟ ተልጦ፣ ቆስሎ ነው ያገኘኋት። ቁስሉ እስኪድን ወራት ፈጀብኝ።

እኔ የምኖረው ጀጎል ውስጥ ነው። የቤታችን ወለል ሊሾ ነው። ለበዓል ቀይ ሰም እንቀባው ነበር። አንድ ዓመት ሰሙ በተቀባ ማግስት ጥንቸሌ ከነደባው ላይ፣ ማለትም ከመደቡ ላይ፣ ወደ ታች ዘለለች። መሬት ስትነካ እግሯ ከዳት። ሳምንት ሙሉ አነከሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰም ቤታችን አልገባም። አንቺም ወለሉ በምን እንደሚወለወል ተመልከቺ። ሰምም ሆነ ላምባ ያለበት ነገር አትጠቀሚ። ጥንቸል እግሯን የምትልስ እንስሳ ናት፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ሆዷ ይገባል።

መፍትሔዬ ሰሌን ነው። ተራው፣ ቀለም ያልተነከረው፣ ሽመናው ጠበቅ ያለው። ጥፍራቸው ሽመናው ውስጥ ይይዛል። ቢያኝኩትም የዘንባባ ቅጠል ነው፤ እንደ ናይለን ሆድ ውስጥ ገብቶ አይቋጠርም። ሙቀትም አይይዝም። አንቺ ላለሽበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የቡና ጆንያም ይሆናል፣ ግን ጠርዙን እጥፍ አድርገሽ ስፊው። ማዳበሪያውን ግን እንዳትሞክሪ። ፕላስቲኩ በቀጭን በቀጭኑ እየተተረተረ ይውጡታል፤ እሱ ራሱም ያንሸራትታል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰሌን ብቻውን ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። በረዶ ሲዘልበት ከነሰሌኑ ከተንሸራተተ ጭራሽ አያምነውም። እኔ ጎሚስታ ጋ ሄጄ የተጣለ የባጃጅ ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ለመንኩ። በቀጭኑ ቆርጬ ከሰሌኑ ሥር ሰፋሁት። ከጠርዙ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጊው፤ ላስቲኩን ማኘክ የለባቸውም።

መዝለያቸው ካለ ደግሞ፣ ሶፋም ይሁን አልጋ፣ ከምንም በፊት የሚያርፉበትን ቦታ አንጥፊ።

ሐኪሙ፣ ድሬዳዋ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የተማርኩት ሐረማያ ነው። የጀጎሏ እህታችን ያለችው ትክክል ነው። ምክንያቱን ልጨምርበት።

ድመትና ውሻ ከመዳፋቸው ሥር ሥጋማ ትራስ አላቸው። ጥንቸል የላትም። የእግሯ ሥር በሙሉ ፀጉር ነው። መሬት የምትይዘው በጥፍሯ ነው። አፈር ላይ ጥፍሯ ይገባል፣ ትገፋለች፣ ትወነጨፋለች። ሴራሚክ ላይ ጥፍር የሚገባበት ቦታ የለም። ካልሲ አድርጋችሁ ሊሾ ላይ ለመሮጥ ሞክሩ፣ ይገባችኋል።

ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጥንቸል አጥንት ቀላል ነው። የድመት አጥንት ከክብደቷ 12 ወይም 13 በመቶ ሲሆን የጥንቸል 8 በመቶ ገደማ ነው። የኋላ እግራቸው ጡንቻ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ደንግጠው ሲራገጡ የገዛ ወገባቸውን እስከ መስበር ይደርሳሉ። ስለዚህ ወድቆ ስታነሺው አንድ እጅሽ ከደረቱ ሥር፣ አንዱ ከቂጡ ሥር ይሁን። የኋላ እግሩ አየር ላይ አይንጠልጠል። በጆሮ ማንሳት ፈጽሞ አይሆንም።

ፀጉሩን እንዳትላጪ። ከአጥንቱና ከወለሉ መሃል ያለው ትራስ እሱ ብቻ ነው። ከተላጨ ተረከዙ ይቆስላል።

ጥፍሩ ይቆረጥ። የረዘመ ጥፍር ጣቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክብደቱ ሁሉ ተረከዙ ላይ ይወድቃል። በወር ወይም በወር ተኩል አንዴ ተመልከቺው። የበረዶ ጥፍር ነጭ ስለሚሆን ውስጡ ያለው ሮዝ የደም ሥር ይታይሻል፤ ከእሱ በፊት ጫፉን ብቻ ቁረጪ። የዳማ ጥቁር ከሆነ ከኋላ የስልክ መብራት አብሪበት። ጥላው ይታያል።

የናይለኑን ምንጣፍ ዛሬውኑ አንሺው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። የዋጠችው ክር ወይ ያልፋል፣ ወይ አንጀት ይዘጋል።

ስለ ሙቀቱ፦ ወለሉን በሙሉ አትሸፍኚ። ጥንቸል እንደ እኛ አታልብም፤ ሙቀቷን በዋናነት የምታስወጣው በጆሮዋ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች። ባዶ ሴራሚክ ላይ መተኛቷ ጥሩ ነው። ተኝታ አትወድቅም። የምትወድቀው ስትሄድ፣ ስትታጠፍና ስትዘል ነው። መንገዷን አንጥፊላት፣ መኝታዋን ተይላት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። በረዶን ውጭ አፈር ላይ አውጥተሽ አይተሽዋል? አፈር ላይ ደህና ከዘለለ ጥፋቱ የወለሉ ነው። አፈር ላይም እግሩን ከጎተተ፣ ወይም ጭንቅላቱን ወደ ጎን ካዘመመ፣ ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው። መብላት ካቆመ ወይም በጠጡ ከቀረ ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።

የዳማ እናት፣ ድሬዳዋ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጀጎሏ እህቴ፣ አንቺንም።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር አወጣሁት። መጀመሪያ ደርቆ ቆመ። ከዚያ አፈሩን አሸተተና ተወነጨፈ! ዛፏን ሁለቴ ዞራት። እንባዬ መጣ። ይበላል፣ በጠጡም ደህና ነው። ስለዚህ ወለሉ ነው። ምንጣፉ ተነስቷል። ነገ ቀፊራ ሰሌን ልገዛ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ስለ ሽቦው አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እቤት ያሉትን ሄጄ ተረከዛቸውን አየሁ። የአንዷ ቀልቷል፣ ፀጉሩም ሳስቷል። ለጊዜው ምን ላድርግላት?

ሐኪሙ፣ ድሬዳዋ

ካልተላጠ በጊዜው ደርሰህባታል። ሽቦውን በጣውላ ሸፍነው፤ በላዩ ወፍራም ድርቆሽ ጎዝጉዝ። በየቀኑ እርጥቡን ቀይርላት። ከተላጠ ወይም ካበጠ አምጣት።

የዳማ እናት፣ ድሬዳዋ

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ደስ አይለኝም።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሜትራቸውን ይዘው መጡ። «መጀመሪያ የት የት እንደሚሄዱ ንገሪኝ» አሉ። ከእግር መጥረጊያው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ሽንት ሳጥኑ፣ ከዚያ ሶፋ ሥር። ይህንኑ በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመሩ። ሰሌኑን በ60 ሳንቲም ስፋት ቆረጡት። ጠርዙን በጥጥ ጨርቅ ከፈፉት። ላስቲኩንም በተባለው መሠረት ከሥሩ ሰፉ። «ሐዲድ» ነው የሚሉት። ቤት የመጣ ሁሉ ሐዲዱን እንዳይረግጥ ይቆጣሉ።

አንድ ያላሰብነው ነገር መታጠፊያው ነበር። ቀጥ ባለው ላይ ደህና እየሄዱ፣ ሲታጠፉ የኋላ እግራቸው ከሰሌኑ ይወጣና ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። አባቴ መታጠፊያው ላይ ሜትር በሜትር የሆነ ሰፊ ቁራጭ ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ሲወድቁ አላየሁም።

በረዶ መጀመሪያ አላመነም። 3 ቀን ሙሉ ከእግር መጥረጊያው አልራቀም። ልገፋው አልፈለግሁም። የበሶብላ ቅጠል በየግማሽ ሜትሩ አስቀመጥኩለት። የመጀመሪያውን አንገቱን ዘርግቶ በላ። ሁለተኛውን የፊት እግሮቹን ብቻ አውርዶ። በ4ኛው ቀን ጠዋት ሳሎን ስገባ ውሃው ጋ ቆሞ አገኘሁት። እስከ ሳጥኑ ያለው ቅጠል በሙሉ ተበልቷል።

ሶፋው ሥርና መስኮቱ ጥግ ባዶ ሴራሚክ ነው። ቀን ቀን እዚያ ይተኛሉ። የቀዘቀዘ ውሃ በጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገባቸው አኖራለሁ። ማታ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ደግሞ አሮጌ ጋቢ አጥፌ አድርጌያለሁ፤ ሰሌኑ ለረጅም ሰዓት መቀመጫ ይጠነክራል። ፎጣ ሞክሬ ነበር። የዳማ ጥፍር ክሩ ውስጥ ስለተያዘ አነሳሁት።

ስለ ጽዳቱ ለምትጠይቁ፦ ሽንታቸው ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይተዋል። በአቼቶና በውሃ ይለቃል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ነው። በድሬ ፀሐይ ሰሌን ለመድረቅ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እርጥቡን ብቻ መልሳችሁ አታንጥፉ፣ ይሻግታል።

ጥፍራቸውን እኔና ልጄ ቆረጥን። እሷ መብራት ያዘች፣ እኔ ቆረጥኩ። ዶክተር፣ ተረከዛቸውንም አየሁ፤ ፀጉሩ ሙሉ ነው፣ ቅላት የለውም።

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ከሳሎን እስከ ጓዳ የኮቴ ድምፅ። ሰሌን ላይ ድምፁ እንደ ሲሚንቶው አይደለም፣ ደፈን ያለ ነው፤ ግን እነሱ ናቸው። ለካ አባቴም ሰምተዋል። ጠዋት ቡና ላይ «ባቡሩ ገባ» አሉኝ።

የወጥ ቤቱ በር ጋ ያለችው ቦታ ገና አልተነጠፈችም። ሰሌኑ አልበቃንም። ቅዳሜ ቀፊራ ደግሜ እሄዳለሁ።